የጨጓራ ባክቴሪያን በአሲድ ውስጥ የሚያኖረው ኢንዛይም

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን የሚያመራው መንገድ በ75 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳባትን፣ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የሆነችውን ደባርቅን ያገኛል። በዚህ ደጋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች የሚያመርተው አርሶ አደር ዩሪያ የሚባለውን ነገር በሚገባ ያውቀዋል። ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን የሆነው ይህ ነጭ ማዳበሪያ በእርጥብ መሬት ላይ ተበትኖ አፈር ሳይለብስ ከቆየ ኃይሉ ወደ አየር እንደሚተን የግብርና ልማት ሠራተኞች ደጋግመው ይመክራሉ።

የሚተነው አሞኒያ የተባለ ጋዝ ነው። ዩሪያን ሰባብሮ ወደ አሞኒያ የሚለውጠው ደግሞ በአፈር ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን ተሕዋስያን የሚያመርቱት ዩሪኤዝ የተሰኘ ኢንዛይም ነው። ሌሊቱን ተዘግቶ ያደረ በረት ማለዳ ሲከፈት አፍንጫን የሚሰነፍገው ሽታም ከዚሁ ኢንዛይም ሥራ የሚመነጭ ነው። የከብት ሽንት ዩሪያ ስላለበት በበረቱ ወለል ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል።

ይኸው ኢንዛይም በማሳና በበረት ሳይወሰን በብዙ ሰዎች ጨጓራ ውስጥም ሌት ተቀን የሚሠራ መሆኑ ግን እምብዛም አይታወቅም። የሚያመርተውም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውና ኅብረተሰቡ «የጨጓራ ባክቴሪያ» እያለ የሚጠራው ተሕዋስ ነው። በደባርቅም ሆነ በዳባት፣ ከዚያም አልፎ በመላ አገሪቱ «ጨጓራዬን ያመኛል» የሚል ሰው ያልሞላበት መንደር አይገኝም። ብዙዎች በርበሬን ይወነጅላሉ፤ ሌሎች ቡናን፣ ሌሎችም ጭንቀትን። አንድ ባክቴሪያ ምግብን በሚያቀልጥ አሲድ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት እንዴት ሊኖር እንደቻለ የተረዳ ሰው ግን ምርመራው አንዳንድ ጊዜ ለምን እንደሚሳሳት፣ መድኃኒቱም ተጀምሮ ለምን መቋረጥ እንደሌለበት አብሮ ይረዳል።

ጤናማ ጨጓራ የሚያመነጨው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በባዶ ሆድ ጊዜ የአሲድነት መለኪያው ከ1 እስከ 2 የሚደርስ ሲሆን፣ ይህም ከሎሚ ጭማቂ የበረታ ነው። ከምግብና ከውኃ ጋር ወደ ሆድ የሚገቡ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች እዚያው ይሞታሉ። የሚገርመው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪም ቢሆን አሲድን የሚወድ አለመሆኑ ነው። ከጨጓራ አውጥተው በጠንካራ አሲድ ውስጥ ያለ ዩሪያ ቢያስቀምጡት እንደ ሌሎቹ ይሞታል። ያለ አካባቢው መኖር የቻለው አካባቢውን ራሱ መለወጥ ስለሚችል ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ጥሬ ዕቃ የሚያቀርብለት የሰውየው አካል ነው። ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ፕሮቲን ሲጠቀም የሚተርፈውን ናይትሮጅን ጉበት ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል። ዩሪያው በደም አማካይነት ወደ ኩላሊት ሄዶ በሽንት የሚወገድ ቢሆንም ጥቂቱ ከደም ወደ ምራቅና ወደ ጨጓራ ፈሳሽ ይሰርጋል። ማዳበሪያ ሆኖ በፋብሪካ የሚመረተው ዩሪያና በጉበት የሚሠራው ዩሪያ በኬሚካዊ ይዘታቸው አንድ ናቸው።

ባክቴሪያው ይህን ዩሪያ ተቀብሎ በዩሪኤዝ አማካይነት ወደ አሞኒያና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከፍለዋል። አሞኒያ አሲድን የሚያረክስ በመሆኑ በባክቴሪያው አካል ውስጥና በዙሪያው ያለው አሲድ ይለዝባል። በውጭ ከባድ አሲድ እያለ ባክቴሪያው ግን ለኑሮው በሚስማማ ለስላሳ ከባቢ ውስጥ ይቆያል ማለት ነው። ያለ ኢንዛይም ቢሆን ዩሪያ በውኃ ውስጥ በራሱ ጊዜ እስኪፈርስ ዓመታትን ይፈጃል። ዩሪኤዝ ያንኑ ሥራ በቅጽበት ይፈጽመዋል።

ባክቴሪያው ለዚህ ኢንዛይም የሚያወጣው ወጪም ከፍተኛ ነው። ከሚያመርተው ፕሮቲን እስከ አንድ አሥረኛ የሚደርሰው ዩሪኤዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነው የኢንዛይሙ ቅርጽ እንደሚያሳየው፣ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች አሥራ ሁለት ጊዜ ተደጋግመው ኳስ መሰል ትልቅ አካል የሚሠሩ ሲሆን በእያንዳንዱ የሥራ ሥፍራ ሁለት የኒኬል አተሞች ይገኛሉ። በሰው ምግብ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘውን ይህን ማዕድን ባክቴሪያው እየለቀመ ያከማቻል። ኒኬል ያጣ ዩሪኤዝ አይሠራም።

ከዚህም የረቀቀ ነገር አለ። አሞኒያ ከልክ ካለፈ ባክቴሪያውን ራሱን ይገድለዋል። ስለሆነም ዩሪያ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ከበላዩ መዝጊያ አለው። አካባቢው አሲድ ሲሆን ቀዳዳው ይከፈታል፤ አሲዱ ሲለዝብ ይዘጋል። ጎርፍ ሲመጣ ከሚዘጋና ውኃ ሲያንስ ከሚከፈት የመስኖ በር ጋር ቢነጻጸር ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው አሲዱ ራሱ መሆኑ ነው።

የዚህን ኢንዛይም ወሳኝነት በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎች ዩሪኤዝ የማያመርት የባክቴሪያውን ዝርያ ለአሳማ ግልገሎች በሰጡ ጊዜ በጨጓራቸው ውስጥ ሊሰፍር አልቻለም። ኢንዛይሙ ያለው ዝርያ ግን ሰፍሮ ተገኝቷል።

ዩሪኤዝ ለሳይንስ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1926 አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር ጃክ ቢን ከተባለ የአደንጓሬ ወገን እህል ይህንኑ ኢንዛይም በክሪስታል መልክ ለይቶ በማውጣት ኢንዛይሞች ፕሮቲኖች መሆናቸውን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1946 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት አንዱም እርሱ ነበር። ከዚያም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ ዩሪኤዝ በጨጓራ ውስጥ እንደሚገኝ ተመዝግቦ ነበር። ይሁን እንጂ ኢንዛይሙን የሚያመርተው የጨጓራው ግድግዳ ራሱ ነው ተብሎ ተገመተ። በ1950ዎቹ አንቲባዮቲክ በወሰዱ ሰዎች ጨጓራ ውስጥ የዩሪኤዝ ሥራ ሲጠፋ ቢታይም፣ ኢንዛይሙ የባክቴሪያ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ብዙ ተከታይ አላገኘም። ጨጓራ ከተሕዋስያን የጸዳ ሥፍራ ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ስለነበር ማስረጃው በዓይን ፊት እያለ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሳይታይ ቆየ።

ይህን እምነት የለወጡት በአውስትራሊያዋ የፐርዝ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሮቢን ዋረን እና ባሪ ማርሻል ናቸው። ዋረን በጨጓራ ናሙናዎች ላይ ጠምዛዛ ባክቴሪያዎችን ደጋግሞ ያያል፤ ማርሻል ደግሞ በቤተ ሙከራ ሊያራባቸው ይሞክራል። ናሙናዎቹ ከሁለት ቀን በኋላ ምንም አልበቀለባቸውም እየተባሉ ይጣሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የፋሲካ በዓል ሰሞን ግን ናሙናው ባለበት ተረስቶ ለተጨማሪ ቀናት ሲቆይ ባክቴሪያው በቅሎ ተገኘ። ቀስ ብሎ የሚራባ ተሕዋስ ሆኖ ነበር ያስቸገራቸው። የሕክምናው ዓለም አላምን ሲል ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን በፈሳሽ አድርጎ ራሱ ጠጣው። ከቀናት በኋላ ማስመለስ ጀመረው፤ በኢንዶስኮፒ ሲታይም ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የማርሻል ድርጊት ለሌላው ሰው ምሳሌ የሚሆን እንዳልሆነ መናገር ሳያስፈልግ አይቀርም።

ባክቴሪያው በአሲድ ውስጥ መኖሩ ብቻውን በሽታ አይደለም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከጨጓራው ግድግዳ ጋር ሲጠጋ ነው። የጨጓራ ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚጠበቀው በላዩ በተነጠፈ ዝልግልግ ሽፋን ነው። ተልባ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲያድር የሚሰጠውን ዓይነት መልክ ያለው ይህ ሽፋን አሲድ ሲነካው ይረጋል፤ አሲዱ ሲለዝብ ግን ይቀጥናል። ቀደም ሲል ባክቴሪያው በጠምዛዛ ቅርጹ እንደ ብሎን እየቦረቦረ ያልፋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ግን ዋናው ዘዴ ሌላ መሆኑን አመለከተ። በዩሪኤዝ የተመረተው አሞኒያ በባክቴሪያው ዙሪያ ያለውን የረጋ ሽፋን ያቀጥነዋል፤ ባክቴሪያውም በጭራ መሰል ክሮቹ እየዋኘ ወደ ግድግዳው ይደርሳል። መንገዱን የሚጠርግለት ኢንዛይሙ ነው ማለት ነው።

እዚያ ከደረሰ በኋላ አሞኒያው የግድግዳውን ሕዋሳት ይጎዳል፤ ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው የተያያዙበትንም ማሰሪያ ያላላል። ከሞቱ ባክቴሪያዎች የሚወጣው ዩሪኤዝ ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ሥፍራው ይጠራል። እነዚህ የሰውነት ዘብ የሆኑ ሕዋሳት ባክቴሪያውን ለመግደል የሚረጩት ኬሚካል ከአሞኒያው ጋር ሲዋሐድ ደግሞ ግድግዳውን ይበልጥ የሚያቃጥል ውሕድ ይፈጠራል። ባክቴሪያው ካግ-ኤ እና ቫክ-ኤ የተሰኙ ሌሎች ጎጂ ፕሮቲኖችም አሉት። ሁሉም ዝርያዎች እኩል አደገኛ አለመሆናቸው በከፊል ከእነዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ዩሪኤዝ ግን ከሁሉም የሚቀድም ነው፤ ያለ እርሱ ሌሎቹ ሥራ የሚጀምሩበት ዕድል አይኖርም።

የሚከተለው በሽታ እንደ ባክቴሪያው መስፈሪያ ይለያያል። በጨጓራው የታችኛው ክፍል የበረታ ቁጣ የአሲድ መቆጣጠሪያውን ሆርሞን ሥርዓት በማዛባት አሲድ ከልክ በላይ እንዲመነጭ ያደርጋል። ትርፉ አሲድ ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ሲፈስስ እዚያ ቁስለት ይፈጥራል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና ምግብ ሲቀመስ ለጊዜው የሚታገሥ ሕመም ብዙውን ጊዜ የዚህ ቁስለት ምልክት ነው። ቁጣው የጨጓራውን ሰፊ ክፍል ከያዘ ደግሞ በተቃራኒው አሲድ አመንጪዎቹ ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየጠፉ ግድግዳው ይሳሳል። ለጨጓራ ካንሰር በር የሚከፍተው ይህኛው መንገድ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሚገኘው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ከሆኑ ነገሮች መድቦታል። በሰውነት ውስጥ የብረት ማዕድን እንዲያንስ በማድረግ ለደም ማነስ አስተዋጽኦ እንደሚያደርግም ይታወቃል።

ይህን የሚያነብ ሰው ግን መደናገጥ አይገባውም። በባክቴሪያው ከተያዙ ሰዎች መካከል በዕድሜ ዘመናቸው ቁስለት የሚይዛቸው ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ካንሰር የሚያገኛቸው ደግሞ ከ1 እስከ 2 በመቶ እንደሚሆኑ ይገመታል። የተቀሩት ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። በአፍሪካም ባክቴሪያው በስፋት እያለ የጨጓራ ካንሰር የዚያን ያህል አለመብዛቱ ለዓመታት ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር የቆየና «የአፍሪካ እንቆቅልሽ» የሚል ስያሜ የተሰጠው ጉዳይ ነው።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ባክቴሪያው ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ ያመለክታሉ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጨጓራ ሕመም ምልክት በታየባቸው 215 ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ከመቶ 85 በሚበልጡት ደም ውስጥ የባክቴሪያውን ጸረ-አካል አግኝቷል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ300 ታካሚዎች ላይ የተካሄደው ጥናት ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በተመሳሳይ ሰዎች ላይ የተለያዩ የምርመራ ዘዴዎች ተሞክረው ውጤቱ እንደ ዘዴው ከ69 እስከ 91 በመቶ ተለያይቷል። የምርመራው ዓይነት ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ በርካታ የአገር ውስጥ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ የስርጭቱን መጠን 52 በመቶ ገደማ ያደረሰው ሲሆን ካለፉት አሥርተ ዓመታት ጋር ሲነጻጸር የመቀነስ አዝማሚያ መኖሩንም አሳይቷል።

ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚያዘው በልጅነት ነው። በ1990ዎቹ በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ከ2 እስከ 4 ዓመት ካላቸው 48 በመቶው፣ 6 ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ 80 በመቶው ባክቴሪያው እንደነበረባቸው አመልክቷል። አንድ ጊዜ ከሰፈረ ካልታከመ በቀር ዕድሜ ልክ ይቆያል። የ40 ዓመት ሰው ዛሬ የሚያማርረው ባክቴሪያ በሕፃንነቱ ከእናቱ ወይም ከታላቅ ወንድሙ የወሰደው ሊሆን ይችላል። መተላለፊያው ከሰው ወደ ሰው በምራቅ፣ በትውከትና በዓይነ ምድር በተበከለ እጅ፣ ምናልባትም በተበከለ ውኃ ነው። በደጋ ብርድ ምክንያት ቤተሰብ በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ የሚተኛበት፣ ውኃም ከሩቅ ምንጭ በጀሪካን የሚቀዳበት ኑሮ ለባክቴሪያው የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በጦርነቱ ሳቢያ የተፈናቀሉ ወገኖች በደባርቅ ተጠልለው እንደነበሩበት ያለ ወቅትም ለእንዲህ ያለው መተላለፍ የተጋለጠ ነው። ይህ ማለት ግን ጉርሻ ይቅር ማለት አይደለም። የሚያጎርሰው እጅ በሳሙና ይታጠብ ማለት ነው።

በርበሬን በተመለከተ፣ የቆሰለ ጨጓራን ሊያቃጥል ይችላል እንጂ ቁስለቱን የሚያመጣው እርሱ መሆኑ አልተረጋገጠም። ከባክቴሪያው ቀጥሎ ዋነኛው የቁስለት መንስኤ እንደ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ በሰሜን ተራሮች አቀበትና ቁልቁለት ጭነት የሚያጓጉዝ በቅሎ ነጂ፣ ቱሪስት የሚመራ አስጎብኚ፣ ወገቡን ሲያመው የከረመ ገበሬ እነዚህን ክኒኖች እንደ ቀላል ነገር ይወስዳቸዋል። ባክቴሪያው ባለበት ጨጓራ ላይ ሲጨመሩ አደጋው ይበዛል።

ተልባ፣ አብሽና ወተት ለጊዜው ማስታገሣቸውን ብዙዎች ይመሰክራሉ፤ ባክቴሪያውን ግን አያጠፉም። ወተት እንዲያውም ጥቂት ቆይቶ አሲድ እንዲመነጭ ያደርጋል። ከመድኃኒት መደብር ያለ ማዘዣ የሚገዛው ኦሜፕራዞልም ቢሆን አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ብቻውን አይፈውስም። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ የምርመራውን ውጤት ሊያሳስት መቻሉ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ዩሪኤዝ መመለስ ያስፈልጋል። ለባክቴሪያው መኖሪያ ያበጀለት ኢንዛይም ባክቴሪያውን የሚያጋልጠውም እርሱ ነውና። በኢንዶስኮፒ ከጨጓራ የተወሰደ ቅንጣት ናሙና ዩሪያና ቀለም ለዋጭ ኬሚካል ባለበት ቢጫ ማደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ ባክቴሪያው ካለ ዩሪያው ወደ አሞኒያ ተለውጦ ማደሪያው ወደ ሮዝ ወይም ቀይ ይቀየራል። በትንፋሽ ምርመራ ደግሞ ታካሚው ልዩ ምልክት ያለው ካርቦን የተጨመረበት ዩሪያ ይውጣል። ዩሪኤዝ በጨጓራው ውስጥ ካለ ያ ምልክት በደቂቃዎች ውስጥ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ በትንፋሹ ይወጣል። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ የባክቴሪያውን ቁጥርና የኢንዛይሙን ሥራ ስለሚያዳክሙ እነዚህ ምርመራዎች ባክቴሪያ እያለ «የለም» ሊሉ ይችላሉ። የዓይነ ምድር ምርመራም ዩሪኤዝን ባይለካም የባክቴሪያው ቁጥር ሲቀንስ በተመሳሳይ ሁኔታ ይሳሳታል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት እነዚህን ክኒኖች ለሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን ደግሞ ለአራት ሳምንት ማቆም እንደሚያስፈልግ ባለሙያዎች ያስረዳሉ፤ ሲቆም ግን ሐኪምን አማክሮ መሆን አለበት።

በአገሪቱ ጤና ተቋማት በብዛት የሚሠራባቸው የዓይነ ምድርና የደም ምርመራዎች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሊስተዋል ይገባል። የዓይነ ምድሩ በዚያን ጊዜ በሆድ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ይፈልጋል። የደሙ ግን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን ጸረ-አካል የሚያሳይ በመሆኑ፣ የዳነ ሰው እንኳ ለወራትና ለዓመታት «ፖዚቲቭ» ሊባል ይችላል። በደም ውጤት ብቻ ተመርኩዞ ደጋግሞ አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ገንዘቡን ከማባከኑም በላይ በሌለ ባክቴሪያ ላይ መድኃኒት የሚተኩስ ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው በተለምዶ አሲድ የሚቀንስ ክኒንን ከሁለት አንቲባዮቲኮች ጋር በአንድነት መስጠት ሲሆን አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን በብዛት የሚታወቁት ናቸው። በቅርብ ዓመታት የወጡ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ቢስመዝ የተጨመረበትን የአራት መድኃኒቶች ቅንብር ለ14 ቀናት መስጠትን ያስቀድማሉ። አሲድ ቀናሹ ክኒን አብሮ የሚሰጠው ሕመም ለማስታገሥ ብቻ አይደለም። ባክቴሪያው በከባድ አሲድ ውስጥ ሳለ ኃይሉን ሁሉ በዩሪኤዝ ራሱን ለመከላከል ያውለዋል፤ አይራባም። እንደ አሞክሲሲሊን ያለ መድኃኒት ደግሞ የሚገድለው የሚራባ ባክቴሪያን ነው። አሲዱ ሲቀንስ ባክቴሪያው መራባት ይጀምራል፤ አንቲባዮቲኩም ያገኘዋል።

ችግሩ መድኃኒቶቹ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና የአፍ መምረር ስለሚያስከትሉ፣ ሕመሙም በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ስለሚተው ብዙዎች ማቋረጣቸው ነው። የቀረውን ክኒን ለጎረቤት ማካፈልም የተለመደ ነው። ተርፎ የሚቀረው ባክቴሪያ መድኃኒቱን የተላመደው ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ከሚያስፈልጋቸው ባክቴሪያዎች ተርታ ክላሪትሮማይሲንን የተላመደውን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ያስገባው በዚሁ ስጋት ነበር። ሕክምናው መሳካቱን ለማወቅ መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ በትንፋሽ ወይም በዓይነ ምድር ዳግም መመርመር ይገባል። የሕመሙ መተው ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ኢንዛይሙን ራሱን ለማጥቃት የተደረጉ ጥረቶችም አሉ። በእርሻው ዓለም ዩሪኤዝን የሚገታ ቅመም የተቀባ የዩሪያ ማዳበሪያ ገበያ ላይ ውሏል። በሕክምናው በኩል የተሞከሩ ገቺ መድኃኒቶች ግን ባክቴሪያውን ከማጥፋት ስላልደረሱና የጎንዮሽ ጉዳት ስላላቸው ለዚህ ሕክምና አልበቁም። በቻይና የኢንዛይሙን አንድ ክፍል ይዞ የተሠራ በአፍ የሚሰጥ ክትባት 4 ሺህ 464 ሕፃናት በተሳተፉበት ሙከራ በመጀመሪያው ዓመት 71.8 በመቶ መከላከሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ቢገለጽም በየአገሩ ለሕዝብ የሚሰጥ ክትባት ሊሆን አልቻለም።

ለደባርቅና ለዳባት፣ ይልቁንም ከእነርሱ ርቀው በጃናሞራና በበየዳ ገደላማ ቀበሌዎች ለሚኖሩ ሰዎች ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችን መለየት ከሁሉ ይቀድማል። ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ዓይነ ምድር፣ ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ትውከት፣ ድንገት የጀመረና ሆድን እንደ እንጨት የሚያደርቅ ሕመም የደማ ወይም የተበሳ ቁስለት ምልክቶች ናቸው። ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ መዋጥ ማቃትና በቶሎ መጥገብም በኢንዶስኮፒ መታየትን ይጠይቃሉ። ቁስለቱ ከተበሳ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ከተራራው ቀበሌ እስከ ዋናው መንገድ በቃሬዛ፣ ከዚያም እስከ ሆስፒታል በመኪና የሚፈጀው ጊዜ የሚቆጠረው ከእነዚሁ ሰዓታት ላይ ነው።